ሌሊት የሚያፍነኝ ኮሮናው ነው ወይስ ፍርሃቱ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴና ከሰባት ዓመት ልጄ ጋር እኖራለሁ። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። የካቲት መጨረሻ ላይ ፊት ለፊታችን ያለው ጎረቤታችን በኮሮና አረፈ። በሦስተኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ነቃሁ። ልቤ ይደልቃል፣ ጣቶቼና ከንፈሬ ይደነዝዛሉ፣ ልሞት ነው ብዬ እናቴን ቀሰቀስኳት። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስብኛል። ሁለት ጊዜ ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተባልኩ። በጣት ላይ ኦክስጅን የሚለካ ኦክሲሜትር ገዝቼ በቀን ሃያ ጊዜ ያህል እለካለሁ፤ አንድ ቀን ቤቱን በበረኪና አጽድቼ እጄን ታጥቤ ብለካ 91 አለኝ፣ ያን ዕለት አልተኛሁም። ማሽተት ጠፍቶባት እንደሆነ ለማወቅ እናቴን በየጠዋቱ ቡና አስሸትታታለሁ፤ ትናንት "ኧረ በማርያም፣ ተይኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። ማታ ማታ መስኮት ዘግቼ ከሰል ላይ ባሕር ዛፍ አፍልቼ እታጠናለሁ። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። ጓደኛዬ ዲያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ክኒን ሰጥታኝ ሦስቴ ወስጃለሁ። የጎረቤቴን ለቅሶ በፍርሃት አልደረስኩም፤ ባለቤቱን ደረጃ ላይ ሳያት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ምን ሆኜ ነው? እያበድኩ ይሆን? መጋቢት 2013 ዓ.ም.

ውድ እህታችን፣

አላበዱም። ሌሊት የሚነሣብዎት ነገር ስም አለው፤ ሐኪሞች ፓኒክ አታክ ይሉታል፣ እኛ የድንጋጤ ማዕበል እንበለው። በደብዳቤዎ ላይ ይበልጥ ዓይናችንን የያዘው ግን ማዕበሉ ሳይሆን እሱን ለመከላከል የሚያደርጉት ነገር ነው። በረኪናው ጉሮሮዎን ያቃጥላል፣ የከሰሉ ጭስ ራስዎን ያሳምማል፣ በባዶ ሆድ የዋለ ሰውነት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የሚለኩበት መሣሪያ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። እርስዎ ደግሞ ይህን ሁሉ አንድ ላይ ደምረው "ኮሮና ነው" ብለው ያነቡታል። ስለዚህ ክሩን አንድ በአንድ እንፍታው።

መጀመሪያ ሌሊቱን። ሰው ሲደነግጥ አድሬናሊን ይለቀቃል፤ ልብና ትንፋሽ ይፈጥናሉ። ከጅብ ለመሸሽ ቢሆን ደግ ነበር፣ እርስዎ ግን አልጋ ላይ ነዎት። ጡንቻ ሳይሠራ ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ሰውነት ከሚያመርተው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይወጣል። ይህ ጋዝ ሲያንስ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮች ጠበብ ይላሉ፣ ራስ ይዞራል። በደም ውስጥ በነጻ የሚዘዋወረው ካልሲየምም ለጊዜው ስለሚቀንስ የጣት ጫፍና የከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል። ደረት የሚጨንቀው የጎድን ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ስለሚጎትቱ ነው። እንግዲህ አየር ያጠረዎት በሚመስልዎት በዚያች ሰዓት ሳንባዎ ከወትሮው የበዛ አየር እያስገባና እያስወጣ ነው ማለት ነው። "አነሰኝ" ብለው በኃይል በሳቡ ቁጥር ጋዙ ይበልጥ ይወጣል፣ መደንዘዙም ይብሳል። ማዕበሉ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ይበርዳል። ምንም ባያደርጉም ይበርዳል፤ ይህን በተለይ ያስቡበት፣ ምክንያቱም እስካሁን ያበረደው መለካቱ ወይም እናትዎን መቀስቀሱ መስሎዎታል።

የኮሮናው ትንፋሽ ማጠር ጠባዩ ሌላ ነው። በድንገት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ በግማሽ ሰዓት አይለቅም። ትኩሳት፣ ሳል፣ የሰውነት ቁርጥማት ይቀድሙታል፤ የከፋው የትንፋሽ ችግር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ከጀመረ ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፣ ቀን በቀን እየጠነከረ ይሄዳል፣ ደረጃ ሲወጡ ይብሳል። እርስዎ በደብዳቤዎ ስለ ትኩሳትም ስለ ሳልም አንድ ቃል አልጻፉም፤ ቢሮዎም ሦስተኛ ፎቅዎም በእግርዎ እየወጡ እየወረዱ ነው።

ማዕበሉ ሲመጣ ምን ያድርጉ? ተነሥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ፣ እግርዎ ወለል ይንካ። አንድ እጅዎን እምብርትዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫዎ በልብዎ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ያስገቡ፤ ከዚያ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈርዎን አጥብበው እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ይህ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ገደማ ይሆናል። ለ5 ደቂቃ ይቀጥሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው "በረጅሙ ተንፍስ" ሲባል ደረቱን ነፍቶ እስከ ጥግ መሳቡ ነው፤ ያ ደግሞ ከላይ የነገርንዎትን ያባብሳል። የሚያስገቡት ትንፋሽ ትንሽ ይሁን፣ የሚረዝመው የሚያስወጡት ነው። ከእጅዎ በታች ሆድዎ ከፍ ዝቅ ሲል ከተሰማዎት ትክክል ነዎት፤ ትከሻዎ ከተነሣ እየበዛብዎት ነው፣ ይቀንሱት። ሁለተኛው ስሕተት ዘዴውን በጭንቅ ሰዓት ብቻ መሞከር ነው። ዋና በጎርፍ ውስጥ አይማሩም፤ ጠዋት ከሥራ በፊትና ማታ ከራት በኋላ አምስት አምስት ደቂቃ ይለማመዱት፣ ለሁለት ሳምንት። ወረቀት ከረጢት አፍ ላይ አድርጎ መተንፈስ የሚባለውን ግን ይተዉት፤ ችግሩ በእርግጥ የሳንባ ወይም የልብ ሆኖ ቢገኝ ኦክስጅን ያሳጣል።

አሁን ወደ ኦክሲሜትሩ። መሣሪያው ክፉ አይደለም፤ ለታመመ ሰው ሕይወት ያተርፋል፣ በተለይ ኮሮና አንዳንዱን ሰው ኦክስጅኑ ሲወርድ ምንም ሳይሰማው ስለሚያዘናጋው። ነገር ግን የሚያነበው በጣት ውስጥ የሚያልፈውን ደም በብርሃን ነው። ጣት ከቀዘቀዘ ደም ወደ ጫፉ በቅጡ አይደርስም፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ያ 91 የመጣው ቤት አጽድተው እጅዎን ከታጠቡ በኋላ መሆኑን ራስዎ ጽፈዋል። የጥፍር ቀለም፣ ሂናና እንሶስላ፣ ያለቀ ባትሪ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅም ያሳስቱታል። በትክክል ለመለካት 5 ደቂቃ ተቀምጠው ያርፉ፣ እጅዎን አሹተው ያሙቁ፣ መሣሪያውን በመሐል ጣት ላይ አድርገው እጅዎን ደረትዎ አጠገብ ያሳርፉ፤ መጀመሪያ ብቅ ያለውን ቁጥር ሳይሆን ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተረጋጋውን ይውሰዱ።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኢንተርኔት ላይ የሚያነቡት "ከ95 በታች አደጋ ነው" የሚለው ለባሕር ጠረፍ ሰው የተጻፈ ነው፤ እዚህ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያነብ የሚያስደነግጥ አይደለም። በሌላ በኩል መሣሪያው በጠቆረ ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ጥቂት ከፍ አድርጎ የማንበብ ጠባይ እንዳለው ታውቋል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለን ቁጥር "ከፍታው ነው" ብሎ መናቅም አይገባም። ለእናትዎም ለእርስዎም የሚበጀው ጤነኛ ሳሉ የየራስዎን ቁጥር ሦስት ቀን ለክቶ ማስታወሻ ላይ መጻፍ ነው። አንድ ሰው ሲታመም፣ በትክክል ተለክቶ ደጋግሞ ከ92 በታች ከሆነ ወይም ከራሱ ቁጥር በ3 ወይም በ4 ከወረደ ወደ ጤና የስልክ መስመሮቹ፣ ወደ 8335 ወይም ወደ 952 ይደውሉ። 90 እና ከዚያ በታች ከሆነ መደወልም ሳያስፈልግ ወደ ሆስፒታል ነው።

ጤነኛ ሆነው በቀን ሃያ ጊዜ መለካት ግን ሌላ ታሪክ ነው። በለኩ ቁጥር 95 ያያሉ፣ እፎይ ይላሉ፤ እፎይታው ግን ከአሥራ አምስት ደቂቃ አያልፍም። አንጎልዎ የሚማረው "ደህና ነኝ" የሚለውን ሳይሆን "የዳንኩት ስለለካሁ ነው" የሚለውን ነው፤ ቀጥሎ ሲፈራ መለኪያውን ይጠይቃል። እናትዎን ቡና ማሸተትም ከዚህ አይለይም። መለካቱን በአንድ ጊዜ ግን አይተዉት፤ ድንገት የተወ ሰው ብዙውን ጊዜ ተሸንፎ ይመለሳል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምንም ሳይቀንሱ ብቻ በደብተር ይመዝግቡ፤ ሰዓቱን፣ ከመለካትዎ በፊት ፍርሃትዎ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ቁጥሩን። ከዚያ ለአራት ቀን በቀን 10 ጊዜ፣ ለቀጣዩ ሳምንት 5 ጊዜ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ ብቻ። ሰዓቱን አስቀድመው ይወስኑ፤ ፍርሃት ሲመጣ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው የሚለኩት። በመሀል "አሁኑኑ!" የሚል ስሜት ሲመጣ "እሺ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ" ይበሉትና ልብስ ያጣጥፉ፣ ሽንኩርት ይክተፉ። ስሜቱ እንደ ምጥ ነው፣ ይጠነክርና ይለቃል። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት ከአሁኑ የባሱ ይሆናሉ፤ ይህን አስቀድመን የምንነግርዎት ያኔ "አልሠራልኝም" ብለው እንዳይተዉት ነው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ መሣሪያውን ለእናትዎ ይስጧቸው፣ ሳጥናቸው ውስጥ ይቆልፉበት። የምር ሲታመሙ ያወጡታል። የቡና ማሸተቱን ነገር እንኳ ዛሬውኑ ይተዉ፤ እሳቸው ፈርደዋል።

የትኩሳት መለኪያም ካለዎት ሕጉ ያው ነው። የቢሮ በር ላይ ግንባርዎ ላይ የሚደገነውን ደግሞ በጭራሽ ከቁም ነገር አይጣፉት፤ ጠዋት በብርድ 34፣ ከታክሲ ወርደው በፀሐይ ሲመጡ 37.6 የሚል ዕቃ ነው።

በረኪናውን በተመለከተ፣ ጉሮሮ የሚያቃጥልና ደረት የሚያፍን ነገር ተዘግቶ ባለ ቤት ውስጥ እየተነፈሱ "ደረቴን አፈነኝ" ማለትዎ አያስገርምም። ይህ በሽታ በዋናነት የሚተላለፈው ዕቃ በመንካት ሳይሆን በትንፋሽ፣ በተለይ አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ከበረኪናው ይልቅ የተከፈተ መስኮት ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ብዙ ሰው የሚነካቸውን፣ የበር እጀታና ማብሪያ ማጥፊያን፣ በቀን አንዴ መወልወል ይበቃል። መጠኑም የሚሸጠው በረኪና 5 ከመቶ ከሆነ፣ 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሾርባና አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ነው። በዚህ ወልውለው አንድ ደቂቃ ይተዉት። ሙቅ ውሃ ኃይሉን ያጠፋዋል፣ ጭሱንም ያበዛዋል። የተበጠበጠው ከአንድ ቀን በላይ ስለማይሠራ በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ፤ ልጅ ባለበት ቤት በሃይላንድ ጠርሙስ አያስቀምጡት። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ቲማቲምና ሙዝ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠቡ።

መታጠኑ ቫይረሱን አይገድልም። ለታፈነ አፍንጫ የሚያመጣው ትንሽ እፎይታ ካለ በሌላ ምድጃ የፈላ ውሃ ይበቃል፤ ድስቱ ከልጅዎ ይራቅ፣ በእንፋሎትና በፈላ ውሃ የሚቃጠሉ ሕፃናት ጥቂት አይደሉም። ዋናው ጭንቀታችን ግን ከሰሉ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ልብ መምታት ያመጣል፣ ሲበዛ እንቅልፍ ላይ ይገድላል። የጣት ኦክሲሜትር ደግሞ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን መለየት አይችልም፤ ሰው እየተመረዘ 98 ሊያነብ ይችላል። ከሰሉ ከዛሬ ማታ ጀምሮ መኝታ ቤት አይግባ።

ስለ ቡና ምንም አልጻፉም፣ ግን የሚያሸቱት ቡና በየቀኑ ከተፈላ ሳይጠጣ አይቀርም ብለን ገመትን። በጾም ወቅት ቡና ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ከጨረሱ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ በደምዎ ውስጥ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልብ እየደለቀ መንቃት ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም ማለት ይከብዳል። ሥነ ሥርዓቱን አይተዉ፤ አቦሉን ጠጥተው ቶናውንና በረካውን ለሌላው ያስተላልፉ። በአንድ ቀን ግን አያቁሙ፤ ቡና ድንገት የቆመበት ሰው ለሁለት ሦስት ቀን ራሱን በኃይል ያመዋል፣ እርስዎም ያንን ራስ ምታት ምን ብለው እንደሚተረጉሙት እናውቃለን። በሳምንት ውስጥ ቀስ ብለው ይቀንሱ።

ጾሙን አይጹሙ አንልም። ሳይበሉ እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢደክመውና ልቡ ቢመታ ግን በሽታ አለመሆኑን ይወቁ፤ ማታ ላይ በቂ ውሃ ይጠጡ፣ ከ9 ሰዓት በኋላ ሲመገቡ ሽሮና ምስሩን አይቆጥቡ። እናትዎ ጋ ግን ጉዳዩ ይለያል። የስኳር ሕመምተኛ፣ በተለይ ግሊበንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ፣ ሳይበላ ሲውል ስኳሩ ወርዶ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል፤ ሊወድቅም ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ስም ይዘው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾምን እንደምታቀል የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ይነግሯቸዋል፤ ከእርስዎ ሲሰሙት ላይቀበሉ ይችላሉ።

ሲነቁ ስልክ አይክፈቱ። የጤና ሚኒስቴር መግለጫ ላይ የሞቱትን ቁጥር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማንበብ ለማንም እንቅልፍ አምጥቶ አያውቅም። ዜናን በቀን አንድ ጊዜ፣ በምሳ ሰዓት፣ ለ10 ደቂቃ ይመልከቱ፤ ቴሌግራም ላይ ከማይታወቅ ሰው የሚመጣ የድምፅ መልእክት ሳይከፍቱ ያጥፉ። ከነቁ 20 ደቂቃ ያህል ቆይተው እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ይውረዱ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀምጠው ዳዊት ይድገሙ ወይም የሚያሰለች ነገር ያንብቡ፣ እንቅልፍ ሲጫንዎት ይመለሱ። ሌሊቱን ቢያድሩበትም ጠዋት በዚያው በተለመደው ሰዓት ይነሡ፤ ቀን ላይ የተኛ ሰው የማታውን እንቅልፍ ይበላዋል።

ዲያዜፓሙን ለጓደኛዎ ይመልሱላት። ሦስት ፍሬ ሱስ አላስያዘዎትም፣ በዚህ አይጨነቁ። ነገር ግን ለሳምንታት በተከታታይ ከተወሰደ ሰውነት ይለምደዋል፤ ሲቆም ጭንቀቱ ጨምሮ ይመለሳል፣ መጠኑም እያደገ ይሄዳል። ከአልኮል ጋር ትንፋሽን ያዳክማል። ለተደጋጋሚ የድንጋጤ ማዕበል ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ሌላ ነው፤ እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይም ሰርትራሊን ያሉት፣ በየቀኑ የሚወሰዱ፣ ውጤታቸው ከ2 እስከ 6 ሳምንት የሚፈጅ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጭንቀቱን ጥቂት ሊጨምሩት ስለሚችሉ ብዙ ሰው ቶሎ ይጥላቸዋል፤ ችግሩ ያ ነው።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ ሄደው የእንቅርት ሆርሞን፣ የደም ማነስና የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይደረግልዎ። የእንቅርት ሆርሞን መብዛት ልክ እንደዚህ ያለ የልብ ምትና መንቀጥቀጥ ያመጣል። ውጤቱ ደህና ከሆነ ወረቀቱን አስቀምጠው ሌላ ክሊኒክ አይዙሩ። ከላይ ያልነውን ሠርተው በአራት ሳምንት ካልቀለለዎት፣ ወይም ከሥራ መቅረት፣ ልጅዎን መንከባከብ ማቃት ከመጣ፣ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ፤ ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ጸበል የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ፣ መድኃኒት ከታዘዘልዎ ግን ለጸበሉ ብለው አያቋርጡ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ፣ ወይም ወደ ግራ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ የደረት ሕመም ከላብ ጋር ከተሰማዎ፣ ወይም ራስዎን ከሳቱ አራት ሳምንት አይጠብቁ፤ ያኔውኑ ሰው ይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ስለ እናትዎ በእርግጥ የሚፈሩ ከሆነ ቡና ከማሸተት የሚሻል ነገር መጥቷል። የኮሮና ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎ ቅድሚያ የተሰጠው ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው ነው፣ እናትዎ ሁለቱንም ናቸው። በአካባቢዎ ጤና ጣቢያ ተራው መቼ እንደሚደርስ ይጠይቁ። አስትራዜኔካ የተባለው ይህ ክትባት በ8 እና በ12 ሳምንት መካከል ይደገማል። ከመጀመሪያው ዶዝ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ትኩሳትና ቁርጥማት ቢመጣባቸው ክትባቱ እየሠራ ነው፤ እርስዎ ኦክሲሜትሩን ከሳጥን አያውጡ።

ልጅዎ ምንም ባይጠይቅዎት እንኳ ሌሊት አያቱ ሲቀሰቀሱ ሰምቷል። "እማዬን አንዳንዴ ፍርሃት ይይዛታል፣ ከዚያ ይለቃታል፣ ሐኪምም ያውቀዋል" ይበሉት። ከዚያ በላይ አያስረዱት።

የቀረን የጎረቤትዎ ነገር ነው። ወደ መጨረሻ ያቆየነው ትንሽ ስለሆነ አይደለም። የመጀመሪያው ማዕበል የመጣው በሠልስቱ ሌሊት መሆኑን ልብ ብለውታል? በእኛ አገር ሰው ሞቶ ለቅሶ ሳይደረስ የቀረ እንደሆነ ሐዘኑም ዕዳውም ደረት ላይ ይቀራል። ይህን በሽታ ፈርተው መቅረትዎ ነውር አልነበረም፤ ነገሩን የሚያከብደው ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ መሸሽዎ ነው። የሟቹ ባለቤት ግን ይህን አይታ "በሽታ ያለብን መስሏት ሸሸችን" ብላ ማሰቧ አይቀርም፤ ይህ ወሬ በግቢው ውስጥ ከተነሣ ደግሞ ከሐዘኑ ይብሳል።

አርባው ገና አልወጣም። በዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ አስቀድመው ይደውሉላት፣ ኮሪደሩ ላይ ወይም ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ወንበር አውጥታችሁ እንድትቀመጡ ይጠይቋት። ማስክ አድርጋችሁ፣ ሁለት ሜትር ያህል ተራርቃችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ባዶ እጅዎን አይሂዱ፤ እንጀራና ምስር ወጥ ይዘው ይሂዱ። "እግዜር ያጥናሽ" ካሉ በኋላ ምክንያት አይደርድሩ። "ፈርቼ ነው የቀረሁት፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" ይበሉና ዝም ይበሉ፣ እሷ ስለ እሱ ታውራ። ካለቀሰች አብረው ያልቅሱ፤ ማስክ ውስጥ ማልቀስ ያፍናል፣ ለዚያ ብቻ አውልቀው ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ። ቡና ካፈላች አቦሉን ጠጥተው ይነሡ።